የኋላ እግሮቹ የደከሙበትን ውሻ ዳግም እንዲራመድ መርዳት፦ ከጎንደር ነዋሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጎንደር መንገዶች ላይ በባጃጅ ወይም በመኪና ተገጭቶ፣ በዱላ ተመትቶ፣ አልያም በረኃብና በሕመም ተዳክሞ የኋላ እግሮቹን እየጎተተ የሚሄድ ውሻ ማየት ብርቅ አይደለም። እንዲህ ያለውን ውሻ አንሥተው ወደ ግቢያቸው ያስገቡ ሰዎች የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው ይመሳሰላሉ። ከዚህ በታች የቀረቡት መልሶች ሁለት ነገሮችን አጥብቀው ይይዛሉ። የመጀመሪያው፣ እግሩ የደከመበት ምክንያት ሳይታወቅ ልምምድ መጀመር እንደማይገባ ነው። ሁለተኛው፣ ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ውሻውን መልሶ የሚያቆመው በአብዛኛው በቤት ውስጥ፣ በየቀኑ፣ ሳይቋረጥ የሚሠራ ትንሽ ሥራ መሆኑ ነው።

ከመንገድ ላይ ያነሣሁት ውሻ የኋላ እግሮቹን ይጎትታል። በመጀመሪያ ምን ማድረግ አለብኝ?

በቅድሚያ ራስዎንና ቤተሰብዎን ይጠብቁ። የእብድ ውሻ በሽታ ሁልጊዜ በመናከስና በመክለፍለፍ አይገለጥም፤ ጸጥ ያለ መልክም አለው። በዚህ መልኩ ሲመጣ የኋላ እግሮችን አስቀድሞ ሊያደክም፣ ከዚያም በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ፊት እግሮች፣ ወደ መንጋጋና ወደ ጉሮሮ ሊዛመት ይችላል። የውሻው ምራቅ ይዝረከረካል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ መዋጥም ያቅተዋል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብሎ እጁን ወደ አፉ ይሰዳል፤ ይህ ፈጽሞ ሊደረግ የማይገባው ነገር ነው። በሽታው ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1884 በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ ተዛምቶ እንደ ነበር ተመዝግቧል፤ ዛሬም በሰሜኑ ክፍል ሰውና ከብት እየገደለ ነው።

የበሽታው ምልክት ከታየበት በኋላ አንድ ውሻ ከ10 ቀን በላይ በሕይወት የሚቆየው እምብዛም ስለ ሆነ፣ ድካሙ ለሳምንታት ሳይብስ የቆየ ውሻ በዚህ በሽታ የመያዙ ጥርጣሬ በእጅጉ ይቀንሳል። ታሪኩ የማይታወቅና ገና የተነሣ ውሻ ግን ቢያንስ ለ10 ቀናት ሕፃናትና ሌሎች እንስሳት በማይደርሱበት ስፍራ ለብቻው ሊቆይ ይገባል፤ የሚንከባከበውም አንድ ሰው ብቻ፣ ጓንት አድርጎ ቢሆን ይመረጣል። ውሻው ከነከሰዎት ወይም ምራቁ የተላጠ ቆዳ ካገኘ፣ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥበው በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም፤ በጊዜው የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የአነሣሡ ነው። የተገጨ ውሻ አከርካሪው ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ከኋላ እግሮቹ ወይም ከብብቱ ተይዞ መንጠልጠል የለበትም። ጠፍጣፋ ጣውላ፣ ወይም ሁለት ሰዎች ወጥረው የያዙት ጠንካራ ጆንያ ከጎኑ ተደርጎ፣ ጀርባው ሳይታጠፍ ቀስ ብሎ ወደዚያ ላይ ይሳባል። ሕመም ላይ ያለ ውሻ የሚወደውንም ሰው ይነክሳል፤ ስለዚህ የማያስመልሰውና መተንፈስ የማያስቸግረው ከሆነ አፉን በነጠላ ቅዳጅ ለጊዜው ማሰር ተገቢ ነው።

የኋላ እግሮች የሚደክሙት በምን ምክንያት ነው?

ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እንክብካቤውም እንደ ምክንያቱ ይለያያል። በድንገት፣ በአንድ ቀን ውስጥ የመጣ ድካም ብዙውን ጊዜ ከግጭት፣ ከድብደባ፣ ወይም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ከቦታው ወጥቶ ሕብለ ሰረሰርን ከመጫኑ ጋር የተያያዘ ነው። በግጭት ጊዜ የዳሌ አጥንት መሰበር የተለመደ ሲሆን፣ ውሻው እግሮቹን ቢያንቀሳቅስም ክብደቱን ሊያሳርፍባቸው አይችልም። ተመልካች «ሽባ ሆኗል» ብሎ ተስፋ ከቆረጠባቸው ውሾች ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ሕብለ ሰረሰራቸው ደኅና ሆኖ ዳሌያቸው ብቻ የተሰበረ ናቸው፤ ይህ ልዩነት ዕድላቸውን ሙሉ በሙሉ ይለውጠዋል።

ቀስ በቀስ የመጣ ድካም ሌላ ነገር ያመለክታል። በዕድሜ የገፋ ውሻ የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ ብግነት ሊኖረው ይችላል፤ ጠዋት ሲነሣ ይደርቃል፣ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ይፍታታል። ቡችላ ከሆነና ዲስቴምፐር የተባለው የቫይረስ በሽታ ይዞት ከነበረ፣ ከማስነጠስና ከተቅማጥ በኋላ የእግር ድካምና የማያቋርጥ የጡንቻ መንዘር ሊከተል ይችላል። መዥገር የሚያስተላልፋቸው የደም በሽታዎች ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የደም ማነስ ያስከትላሉ፤ የአንጀት ትሎችም፣ በተለይ ደም መጣጮቹ፣ ቡችላን መቆም እስኪያቅተው ድረስ ያደክማሉ። ለረጅም ጊዜ ቀይ ሥጋ ብቻ የተመገበ ቡችላ ካልሲየም ስለሚጎድለው አጥንቱ ይሳሳል፤ ሳይወድቅና ሳይመታም ሊሰበር ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ውጭ ብዙም የማይታሰብ አንድ ምክንያት አለ፤ እሱም እስራት ነው። በአጭር ሰንሰለት ለዓመታት ታስሮ የኖረ ውሻ ምንም በሽታ ሳይኖርበት የጭኑ ጡንቻ ሟሽሾ፣ ጥቂት እርምጃ ሲሄድ የሚንቀጠቀጥ ይሆናል። ከልምምድ ፈጥኖ የሚጠቀመውም እንዲህ ያለው ውሻ ነው።

እግሩ የመዳን ተስፋ እንዳለው በምን ይታወቃል?

ሐኪሞች ከሁሉ በላይ የሚመለከቱት ውሻው በኋላ እግሩ ጣቶች ጥልቅ ሕመም ይሰማው እንደ ሆነ ነው። ሐኪሙ የጣቱን አጥንት በመቆንጠጫ ጠበቅ አድርጎ ሲይዘው ውሻው ዞር ብሎ ካየ፣ ካለቀሰ ወይም ሊነክስ ከሞከረ፣ ስሜቱ ወደ አንጎል እየደረሰ ነው ማለት ነው። እግሩን ሰብሰብ ማድረጉ ብቻ ግን በቂ ማስረጃ አይደለም፤ እግር የመሰብሰቡ ነገር አንጎል ሳያውቀው በሕብለ ሰረሰር በኩል ብቻ ሊፈጸም ይችላልና። ብዙ ባለቤቶች በዚህ ምልክት ይደሰታሉ፤ ደስታቸውን ማፍረስ ቢከብድም እውነቱን ማወቁ ይሻላል።

ጥልቅ ስሜት ያለው ውሻ፣ ዛሬ ፈጽሞ መቆም ባይችልም፣ ከዲስክ ችግር የማገገም ዕድሉ ጥሩ ነው። ስሜቱ የጠፋ ከሆነ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል፤ በተለይ ምክንያቱ የአከርካሪ ስብራት ከሆነ የመራመድ ተስፋው እጅግ ጠባብ ነው። ያም ሆኖ ስሜት ሳይመለስላቸው ከብዙ ወራት ልምምድ በኋላ በሕብለ ሰረሰር ምላሽ ብቻ የሚወላገድ፣ ግን የሚያስኬድ እርምጃ ያገኙ ውሾች አሉ።

በጎንደር ወደ የት ልውሰደው?

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው ከተማዋ በዚህ ረገድ ከብዙ የክልል ከተሞች የተሻለ ዕድል አላት። ከዚያ ውጭ የመንግሥት የእንስሳት ጤና ክሊኒኮችና የግል ባለሙያዎች አሉ። አብዛኞቹ ባለሙያዎች በየዕለቱ የሚያዩት ከብት፣ በግና ፈረስ ስለ ሆነ፣ ከመሄድዎ በፊት ውሻ የሚያይ ባለሙያና ራጅ የሚነሣበት ቦታ መኖሩን ደውለው ይጠይቁ። ሲሄዱም ድካሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ በአንድ ጊዜ ይሁን በቀስታ እንደ መጣ፣ ውሻው ሽንቱን በራሱ ይሸና እንደ ሆነ ጽፈው ይዘው ይሂዱ። ሲራመድ ወይም ሲሳብ በስልክ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮም ብዙ ይረዳል፤ ውሻ በሐኪም ፊት ፈርቶ ጭራሽ አልንቀሳቀስም ሊል ይችላልና።

ልምምድ ወዲያውኑ መጀመር ይቻላል?

ሁልጊዜ አይቻልም፤ የሚወሰነው በምክንያቱ ነው። የዳሌ ስብራት ወይም የዲስክ ችግር ያለበት ውሻ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ጥብቅ ዕረፍት ነው። ይህ ዕረፍት እንደ ጉዳቱ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሊደርስ ይችላል። ዕረፍት ማለት ውሻው ተነሥቶ መዞርና መተኛት ብቻ በሚችልበት ጠባብ ስፍራ መቆየቱ ነው፤ በግቢ ውስጥ ተፈትቶ «ብዙም አይሮጥም» ማለት ዕረፍት አይደለም። በከባድ ካርቶንና በጣውላ የታጠረ የክፍል ጥግ ለዚህ ይበቃል። ቀለል ያለ የእግር ማሸትና መገጣጠሚያን ማንቀሳቀስ በዕረፍቱ ጊዜ የሚፈቀደውም ሐኪሙ ሲስማማ ነው።

በአንጻሩ ድካሙ ከእስራት፣ ከረኃብ ወይም ከአሮጌና ከዳነ ጉዳት የመጣ ከሆነ መዘግየት ጉዳት ነው። የማይሠራ ጡንቻ በየሳምንቱ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ያልታጠፈ መገጣጠሚያም ይደርቃል።

ልምምዱ በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ጊዜው በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢሆን፣ ውሻው ገና ምግብ ሳይበላ ቢጀመር መልካም ነው፤ ረኃብ ያለበት ውሻ ለአንዲት ቁራጭ የተቀቀለ ጉበት ሲል ብዙ ይጥራል። ወለሉ የማያንሸራትት መሆን አለበት። የሊሾ ወለል ወይም ሴራሚክ ለደካማ እግር ጠላት ስለ ሆነ የጎማ ምንጣፍ፣ አሮጌ ስጋጃ ወይም ሰፋ ያለ ጆንያ ይነጠፍበታል።

በመጀመሪያ ውሻው በጎኑ ይተኛና እግሮቹ ከጣት ጀምሮ ወደ ጭን አቅጣጫ ለ5 ደቂቃ ያህል በመዳፍ ቀስ እየተባሉ ይታሻሉ። ይህ ደም እንዲዘዋወር ከማድረጉም በላይ፣ ሰው የመታው ውሻ የሰው እጅ ለሌላ ነገርም እንደሚዘረጋ የሚማርበት ጊዜ ነው፤ በእኔ እምነት ከመንገድ ለተነሣ ውሻ ይህ ክፍል ከሌላው ሁሉ አያንስም። ቀጥሎ ከላይ ያለው እግር እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ተራ በተራ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፦ ጣቶች፣ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ዳሌ። አንድ እጅ ከመገጣጠሚያው በላይ፣ ሌላው ከበታች ይዞ፣ በዝግታ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ይደረጋል። እግሩ «በቃ» የሚልበት ቦታ ሲደርስ ይቆማል፤ በኃይል መጫን መገጣጠሚያውን ይጎዳል። መጨረሻ ላይ እግሩ በሙሉ ብስክሌት የሚነዳ ያህል ክብ ሠርቶ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያም ውሻው ተገልብጦ ሌላው እግር ይሠራል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ የሚያስተምር ክፍል ስላለው በሰፈርዎ የዚህ ሙያ ተማሪ ወይም ባለሙያ ሊኖር ይችላል፤ የተማረው ለሰው ቢሆንም የእጅ አያያዙን ሊያሳይዎት ይችላል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው መቆም ነው፤ የሥራው ሁሉ ልብ ይህ ነው። ታጥፎ የተዘጋጀ ፎጣ ወይም ነጠላ ከሆዱ ሥር፣ ከጭኖቹ ፊት ለፊት ያልፍና ሁለቱ ጫፎች ከጀርባው በላይ ይያዛሉ። ወንድ ውሻ ከሆነ ጨርቁ የሽንት መውጫውን እንዳይጫን ይጠንቀቁ። መዳፎቹ በትክክል ከዳሌው ሥር፣ መርገጫቸው ወደ መሬት ሆኖ ሳይታጠፉ ይቀመጣሉ። ጨርቁ መያዝ ያለበት ውሻው የማይችለውን ክብደት ብቻ ነው፤ ሁሉንም ከያዙለት እግሩ የሚሠራው ነገር አይኖርም። በመጀመሪያ ጥቂት ሴኮንዶች፣ እየቆየ ደግሞ ጥቂት ደቂቃዎች ይቆማል። ሲጠነክር ዳሌውን በመዳፍ በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ገፋ ገፋ ያድርጉት፤ ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲል ጡንቻውን ያዝዛል።

መቆም ከቻለ መቀመጥና መነሣት ይከተላል፣ ከዚያም ዝግ ያለ እርምጃ። ዝግታው አስፈላጊ ነው፤ ፈጥኖ የሚሄድ ውሻ ደካማውን እግር አንሥቶ በሦስት ወይም በፊት እግሮቹ ብቻ ይሸሻል፣ በዝግታ የሚሄድ ግን እያንዳንዱን እግር ለመርገጥ ይገደዳል። ጥቂት ቀጫጭን የሸምበቆ ዘንጎች በመሬት ላይ በእርምጃው ልክ ተራርቀው ቢደረደሩ እግሩን ከፍ አድርጎ መርገጥን ይማራል።

መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ መዳፉ ሲገለበጥ ወይም አብዝቶ ሲያለከልክ ደክሟል ማለት ነው። ከዚያ በፊት ማቆም ይገባ ነበርና በሚቀጥለው ጊዜ ያሳጥሩት። በማግስቱ ከትናንት የባሰ ካነከሰ ልምምዱ በዝቷል።

በውኃ ውስጥ ማለማመድ ይረዳል ይባላል። በጎንደር ይህን ማድረግ ይቻላልን?

ውኃ ክብደትን ስለሚሸከም በእርግጥ ይረዳል፤ ሆኖም ለዚህ ወንዝ አይመረጥም። የሽንታም ሆነ የአንገረብ ውኃ ለደከመና ለከሳ ውሻ ቀዝቃዛ ነው፣ ንጽሕናውም አያስተማምንም። ለትንሽ ውሻ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይበቃል፤ ለትልቅ ውሻ የተቆረጠ በርሜል ወይም ገንዳ ያስፈልጋል። ውኃው ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም በእጅ ሲነካ ለብ ያለ ሆኖ ጥልቀቱ እስከ ዳሌው ቢደርስ በቂ ነው። ዘወትር በእጅ ይደገፋል፤ ለአንድ አፍታም ብቻውን አይተውም። ያልዳነ ቁስል፣ ያልጸና ስብራት ወይም ተቅማጥ ካለበት ይቅር። ሲወጣ በደንብ ይደረቅ፣ በፀሐይ ይሙቅ። በክረምት ወራት ይህንን ክፍል መተው ነውር የለበትም።

ሽንቱንና ሰገራውን መቆጣጠር አይችልም። ምን ላድርግ?

ይህ ከእግሩ ይልቅ ሕይወቱን የሚወስን ጉዳይ ነው። የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ያለበት ውሻ ፊኛው ሞልቶ እንኳ መሽናት ሊያቅተው ይችላል። የሚንጠባጠብ ሽንት ማየት «ይሸናል» ማለት ላይሆን ይችላል፤ ሞልቶ የሚፈስ ሊሆን ይችላልና። እንዲህ ያለው ውሻ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ፊኛው በእጅ ተጭኖ ሊለቀቅለት ይገባል። ሁለቱ መዳፎች ከኋላ እግሮቹ ፊት ለፊት በሆዱ ግራና ቀኝ ይደረጉና ሳይቸኩሉ፣ እኩል ኃይል ተጠቅመው ወደ ኋላ ይጫናሉ። በኃይል መጫን ፊኛን ሊያፈነዳ ስለሚችል አያያዙን መጀመሪያ ሐኪም እያሳየዎት ይማሩት። ሽንቱ ከሸተተ፣ ከደፈረሰ ወይም ደም ከታየበት የፊኛ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ለ24 ሰዓት ምንም ካልሸና ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ። የሰገራው ነገር ቀላል ነው፤ በሰዓቱ የሚመገብ ውሻ በአብዛኛው በሰዓቱ ይወጣል፣ የሚቀረው ማጽዳት ብቻ ነው።

የት ይተኛ? ቁስል እንዳያወጣስ ምን ይደረጋል?

የማይነሣ ውሻ በዳሌው፣ በክርኑና በቁርጭምጭሚቱ የአልጋ ቁስል ያወጣል። ቆዳው መቅላት ሲጀምር ማቆም ቀላል ነው፤ ከተከፈተ በኋላ ግን ለመዳን ወራት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ቢበዛ በየ4 ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን ይገልበጥ። መኝታው ወፈር ያለ ስፖንጅ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ በላዩ ጨርቅ ተነጥፎበት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ስፖንጅ ከሌለ ደረቅ ጭድ የተሞላ ጆንያ ይበቃል፣ ሲረጥብም ጭዱ ይለወጣል። ሽንት የነካው ፀጉርና ቆዳ በለብታ ውኃ ታጥቦ መድረቅ አለበት።

ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ባዶ ሲሚንቶም የደከመ መገጣጠሚያን ያደርቃል። መኝታውን በጣውላ ከመሬት ከፍ ያድርጉት። ለብ ያለ ውኃ የተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ አጠገቡ ሊቀመጥ ይችላል፤ የፈላ ውኃ ግን አይሁን፣ ስሜት የሌለው እግር ሲቃጠል ውሻው አያውቅም።

በቤተሰብዎ ውስጥ ውሻ ወደ ቤት መግባት የለበትም የሚል ልማድ ካለ፣ ይህ ለእንክብካቤው እንቅፋት አይሆንም፤ በረንዳ ወይም በር ያለው የግቢ ጎጆ ይበቃል። በሩ ግን የግድ ይዘጋ። በከተማዋ ዳርቻ ሰፈሮች ሌሊት ጅብ ይዞራል፤ መሸሽ የማይችል ውሻ ክፍት ግቢ ውስጥ ማደር የለበትም።

ምን ይብላ?

በጣም የከሳ ውሻ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ ሊሰጠው አይገባም፤ ሰውነቱ ሊሸከመው አይችልም። በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይሰጠውና በሳምንት ውስጥ መጠኑ ይጨመር። ጡንቻ ለመሥራት ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ የተቀቀለ እንቁላል፣ የተቀቀለ ሥጋ፣ እሾሁ የወጣለት ዓሣ፣ በጥቂቱም ጉበት ከሩዝ ወይም ከተቀቀለ ድንች ጋር ይስማማዋል። ይህ ለማገገሚያ ጊዜ የሚሆን ነው፤ ለወራት የሚዘልቅ ከሆነ፣ በተለይ ለቡችላ፣ ካልሲየሙ እንዴት እንደሚሟላ ሐኪሙን ይጠይቁ።

የእኛ የወጥ ትርፍራፊ አንድ ችግር አለበት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ይበዛበታል። ሁለቱም፣ ቢበስሉም እንኳ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይሰብራሉ። በደም ማነስ የሚሠቃይ ውሻ ቀይ ወጥና ሽሮ ያረፈበት እንጀራ ሲበላ መክረሙ ለድካሙ ይጨምርበታል። የበሰለ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀት ስለሚወጋ አይሰጠው። በጾም ወራት፣ በተለይ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ ልኳንዳ ቤቶች ሲዘጉና ከማዕድ ሥጋ ሲጠፋ የግቢ ውሾችም አብረው ይጾማሉ፤ ለሚያገግም ውሻ ግን ይህ ወቅት አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። እንቁላል ማስቀመጥ፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ ምስር መቀቀል ይቻላል።

ሲሻለው ደግሞ ከልክ በላይ አይወፍር። የጎድን አጥንቶቹ በእጅ ሲዳሰሱ የሚታወቁ፣ ከሩቅ ግን የማይቆጠሩ ቢሆኑ ትክክለኛ ነው።

ወጌሻ ቢያየውስ? የሰው የሕመም ማስታገሻ መስጠትስ?

ልምድ ያለው ወጌሻ ለሰው የሚያደርገውን ክብር ሰጥቼ እናገራለሁ፤ አከርካሪው ወይም ዳሌው የተጎዳ ውሻን መሳብና መጠምዘዝ ግን የተረፈውን ነርቭ ሊበጥስ ይችላል። ለከብት እንደሚደረገው በጋለ ብረት መተኮስም ለውሻው ተጨማሪ ቁስልና ሥቃይ ከማትረፍ በቀር ነርቭን አይጠግንም።

የሰው መድኃኒትን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ፤ ፓራሲታሞልም ያለ ሐኪም ልክ አይሰጥም። ለውሻ የሚሆኑ እንደ ሜሎክሲካም ያሉ ማስታገሻዎች አሉ፤ መጠናቸው በክብደቱ ይወሰናል፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ካሉ ስቴሮይዶች ጋርም አብረው አይሰጡም። የቫይታሚን ቢ መርፌም ብዙ ጊዜ ይጠየቃል፤ የቫይታሚን እጥረት ያለበትን ይረዳል፣ የተጎዳ ሕብለ ሰረሰርን ግን ብቻውን አያድንም።

ሰፈራችን ዳገትና ኮብልስቶን ነው። ወደ ውጭ ማውጣት ይቻላል?

ይቻላል፤ ቅደም ተከተሉን ግን መጠበቅ ይገባል። በመጀመሪያ ሜዳ፣ ለስላሳ አፈር ወይም ሣር ይመረጣል። ዳገት መውጣት ክብደቱን ወደ ኋላ እግሮች ስለሚያዞር ጥሩ ማጠናከሪያ ነው፤ የሚጨመረው ግን በሜዳ ላይ ያለ ጨርቅ ድጋፍ መሄድ ከቻለ በኋላ ነው። ቁልቁለቱ የፊት እግሮችን ያስጨንቃል፤ ደረጃ የመጨረሻው ነው። በኮብልስቶን ላይ የሚጎተት መዳፍ በአንድ ጉዞ ሊላጥ ይችላል፤ ስለዚህ የሕፃን ካልሲ ተደርጎለት ከሥሩ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቁራጭ ይሰፋበታል። ማሰሪያው ደም እንዳያግድ ላላ ብሎ ይታሰር፣ ወደ ቤት ሲመለስም ወዲያው ይውለቅ። ባጃጅና ሌሎች ውሾች ገና ባልበዙበት በማለዳ መውጣት ይመረጣል።

ባለ ጎማ ጋሪ ያስፈልገዋል?

የፊት እግሮቹ ጠንካሮች ሆነው የኋላዎቹ ከወራት ልምምድ በኋላም ካልያዙት፣ ጋሪ ሕይወቱን ይለውጠዋል። በሚድን ውሻ ላይም ለልምምድ ያገለግላል፤ እግሩ መሬት እየነካ ክብደቱን ጋሪው ይሸከምለታል። ጋሪውን ብየዳ ቤት ወይም የውኃ ቧንቧ ሠራተኛ ሊሠራው ይችላል፤ የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧና የሕፃን ብስክሌት ጎማዎች ይበቃሉ። ሦስት ልኬቶች ያስፈልጋሉ፦ ቀጥ ብሎ ተደግፎ ሲቆም ከመሬት እስከ ብሽሽቱ ያለው ከፍታ፣ ከብብቱ እስከ ብሽሽቱ ያለው ርዝመት፣ የዳሌው ስፋት። ጀርባው ሜዳ ሆኖ መቀመጥ አለበት፤ ወደ ፊት ካዘነበለ ትከሻው ይጎዳል። በመጀመሪያ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ ይለብሰዋል፤ በጋሪ ውስጥ እያለ መተኛት ስለማይችል ብቻውን አይተውም። በቁልቁለት ላይ ጋሪው ከኋላ ስለሚገፋው ማሰሪያውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።

ለውጥ የሚታየው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው? መቼስ በቃ ይባላል?

የተቆረጠ የእግር ነርቭ ሲያድግ በቀን በግምት 1 ሚሊሜትር ብቻ ይጓዛል፤ ይህ ብቻ ትዕግሥት ለምን እንደሚያስፈልግ ያስረዳል። በእስራት የሟሸሸ ጡንቻ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለውጥ ያሳያል። የዲስክና የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ግን ከሳምንታት እስከ ብዙ ወራት ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ትንንሽ ናቸው፦ ጭራው ሰው ሲያይ ይንቀሳቀሳል፣ ተኝቶ ሳለ እግሩን ይስባል፣ የተገለበጠ መዳፉን ራሱ ያስተካክላል። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ላይ ቪዲዮ ማንሣት ዓይን የሚረሳውን ያስታውሳል።

ሕመሙ በመድኃኒት የማይገታ፣ ቁስሉና የፊኛው ኢንፌክሽን የሚመላለስበት፣ ምግብና ሰው የማያስደስተው ውሻ ካለ፣ ያለ ሥቃይ እንዲያርፍ ከሐኪም ጋር መነጋገር ጭካኔ አይደለም። አለመራመድ ብቻውን ግን ለዚህ ምክንያት አይሆንም። በደስታ የሚበላ፣ የሚጮኽ፣ በጋሪው የሚሮጥ ውሻ ሕይወቱን ይፈልገዋል።

ካገገመ በኋላ ወደ ነበረበት መንገድ ልመልሰው?

አይመከርም። ደኅና የሚመስል እርምጃ ቢያገኝም፣ ከባጃጅ ፊት ዘሎ ለመሸሽ ወይም ከመንጋ ውሾች ለማምለጥ የሚያስፈልገውን ፍጥነት አያገኝም። ራስዎ ማስቀመጥ ካልቻሉ አጥር ያለው ግቢና ጠባቂ የሚፈልግ ቤተሰብ ይፈልጉለት፤ የተጎዳ ውሻም ሰው ሲመጣ መጮኽ ይችላል። ለአዲሱ ባለቤት ከመስጠትዎ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተብ፣ የትልና የመዥገር መድኃኒት ይውሰድ፤ ማምከን የሚቻል ከሆነም ይደረግለት፣ በተለይ ዳሌዋ የተሰበረ ሴት ውሻ ብታረግዝ መውለጃዋ ጠብቦ ልትሞት ትችላለችና። ጥፍሩ ሲረዝም አረጋገጡ ስለሚበላሽ በየወሩ ይቆረጥ። አዲሱ ባለቤት ውሻውን በአጭር ሰንሰለት እንዳያስረው በግልጽ ይነጋገሩ፤ የተመለሰው ጡንቻ በእስራት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መልሶ ሊሟሽሽ ይችላል።